ሚዛኑ ይፈተሽ፤ ከናይሮቢ ሱፐርማርኬቶች የምንማረው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በትልልቅ የችርቻሮ መደብሮች ውስጥ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። የሥራ አፈጻጸማቸው በምን ይመዘናል? ለድካማቸውስ ምን ይከፈላቸዋል? መልሱን የምንፈልገው ከጎረቤታችን ከኬንያ ዋና ከተማ፣ ከናይሮቢ ነው።

ናይሮቢን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚህች ከተማ ግዙፍ ሱፐርማርኬቶች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሲያድጉም ሲወድቁም ታይቷል፤ ስለዚህ ከመልካሙም ከክፉውም መማር ይቻላል። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ በ2024 የችርቻሮና የጅምላ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት አድርጋለች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን በብዙ ቅርንጫፍ የሚያሠራ መደብር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚህ ዝግጅት የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

የዛሬው መልእክታችን ይህ ነው፦ የአፈጻጸም ነጥብ ፍትሐዊ የሚሆነው ሠራተኛው በእጁ ያለውን ሥራ ሲለካ ብቻ ነው። ማበረታቻም የሚያበረታታው መደበኛው ደመወዝ በቀኑ ሲከፈል ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ የምዘና ቅጹ የቱንም ያህል ቢያምር ሰውን ያስከፋል እንጂ ሥራን አያሻሽልም።

በታሪኩ እንጀምር።

ኡቹሚ የሚባለው ሱፐርማርኬት በ1970ዎቹ አጋማሽ በኬንያ መንግሥት አነሳሽነት የተቋቋመ ነው። በ2006 ዕዳ በዝቶበት ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት በመንግሥት ድጋፍ እንደገና ተከፈተ፤ በ2011 ወደ ናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ተመለሰ። በ2015 ግን ችግሩ አገረሸበትና ከዩጋንዳና ከታንዛኒያ ቅርንጫፎቹን ዘግቶ ወጣ።

ናኩማት ደግሞ ናኩሩ ከተማ ውስጥ ከፍራሽ ንግድ ተነሥቶ በኬንያ፣ በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በሩዋንዳ ከ60 በላይ ቅርንጫፎች የከፈተ ድርጅት ነበር። አንዳንዶቹ ቅርንጫፎቹ ሌሊቱን ሙሉ ይሠሩ ነበር። በ2017 ግን ለዕቃ አቅራቢዎች መክፈል አቃተው፤ የቤት ኪራይ ተጠራቀመበት፤ የሠራተኞች ደመወዝም ዘገየ። በጥር 2018 ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሾመለት። በጥር 2020 ገንዘብ ጠያቂዎቹ ድርጅቱ እንዲፈርስ ወሰኑ፤ የቀሩት ጥቂት ቅርንጫፎችም ለናይቫስ ተሸጡ። ብዙም ሳይቆይ ተስኪስ የተባለው ሌላ ትልቅ ሱፐርማርኬት በተመሳሳይ መንገድ ወደቀ። ዛሬ በናይሮቢ ገበያ ጎልተው የሚታዩት ከናይቫሻ አካባቢ ተነሥቶ በ2023 መቶ ቅርንጫፍ የሞላው ናይቫስ፣ እንዲሁም በግንቦት 2016 ካረን ሰፈር የመጀመሪያውን መደብር የከፈተው ካርፉር ናቸው።

ስለ ሠራተኛ ምዘና ልናወራ ተነሥተን ስለ ዕዳ ማውራታችን ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

እንበል፣ አንዲት ሠራተኛ የዘይትና የሳሙና መደርደሪያ ተረክባለች። ወርሃዊ የሽያጭ ግብ ተሰጥቷታል። የዘይት ፋብሪካው ገንዘቡ ስላልተከፈለው ማቅረቡን አቁሟል። እርሷ ጠዋት ስትገባ ከኋላ የቀሩትን ጥቂት ጠርሙሶች ወደ ፊት ስባ ትደረድራለች፤ ባዶው ቦታ እንዳይታይ ሳሙናውን ታሰፋዋለች፤ ዘይት የጠየቀ ደንበኛ ሁሉ የሚያጉረመርመው በእርሷ ላይ ነው። በወሩ መጨረሻ ተቆጣጣሪው ቅጹን ያወጣና «ከሚጠበቀው በታች» ብሎ ይሞላል።

ያ ነጥብ የለካው ማንን ነው? የፋይናንስ ክፍሉን ነው። የተጻፈው ግን በልጅቱ ስም ነው። ናኩማትና ተስኪስ በተዳከሙበት ጊዜ ባዶ መደርደሪያ የናይሮቢ ነዋሪ ሁሉ በዓይኑ ያየው ነገር ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሽያጭ ግብ ይዞ ሠራተኛን መገምገም የድርጅቱን ጥፋት ከሁሉ በታች ባለው ሰው ትከሻ ላይ መጫን ነው።

እንግዲህ የመደርደሪያ ሠራተኛ በምን ትመዘን? በእጇ ባለው። በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ካሸሩ ማሽን ላይ ከሚወጣው ጋር ይገጥማል ወይ? ጊዜው ያለፈበት ዕቃ በጊዜው ተነሥቷል ወይ? መጋዘን ውስጥ ዕቃው እያለ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ውሏል ወይ? የሚያልቅ ዕቃ ሲኖር ሳያልቅ በፊት አስታውቃለች ወይ? እነዚህ አራቱ ይታያሉ፣ ይቆጠራሉ፣ ደግሞም የእርሷ ሥራ ናቸው። ዕቃ ማዘዝ የግዥ ክፍሉ ነው፤ መክፈል የፋይናንሱ ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱ መለኪያ ይሰጠው።

አሁን ወደ ገንዘብ መቀበያው እንሂድ፤ በትልቅ መደብር ውስጥ እንደ ካሸር በየቀኑ የሚመዘን ሰው የለምና።

ካሸሯ ሥራ ስትጀምር ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ ቆጥራ ትረከባለች። ፈረቃዋ ሲያልቅ መሳቢያውን ይዛ ወደ ቆጠራ ክፍል ትገባለች። ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ጠቅላላ ድምር ያትማል፤ ጥሬ ገንዘቡ፣ የካርድ ደረሰኙና በስልክ የተከፈለው ተደምሮ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። ናይሮቢ ውስጥ ብዙው ደንበኛ የሚከፍለው በኤምፔሳ ነው፤ ሳፋሪኮም በ2007 የጀመረው የሞባይል ገንዘብ ማለት ነው። ክፍያው መግባቱ እስኪረጋገጥ ካሸሯ መጠበቅ አለባት። ኔትወርክ ሲደክም ሰልፉ ይረዝማል።

እዚህ ላይ ሁለት የምዘና ስሕተቶች ይፈጸማሉ። የመጀመሪያው ፍጥነትን ብቻ መለካት ነው። በደቂቃ ስንት ዕቃ አሳለፈች ተብላ የምትመዘን ካሸር የክፍያውን ማረጋገጫ ሳትጠብቅ ደንበኛውን ብታሳልፍ ምን ይገርማል? ነጥቡ የሚሸልመው ችኮላን ነው፤ ጉድለቱ ሲመጣ ግን የሚጠየቀው ጥንቃቄ ነው። ፍጥነት ይለካ ከተባለ ለክፍያ ማረጋገጫ የጠፋው ጊዜ ይቀነስ።

ሁለተኛው ስሕተት ጉድለትን ሁሉ ሳያጣሩ ከደመወዝ መቁረጥ ነው። ማጣራት በሌለበት ቤት ካሸሯ ራሷን የምትከላከልበት መንገድ ትፈልጋለች። ትርፍ የተገኘ ቀን አታስመዘግብም፤ ለጎደለ ቀን ታስቀምጠዋለች። «ዝርዝር የለኝም» እያለች ከደንበኛው መልስ ሳንቲም ታስቀራለች። በመጨረሻ የሚጎዳው ደንበኛው ነው፤ አለቃውም የመዝገቡን እውነት ያጣል። ስለዚህ ጉድለትም ትርፍም እኩል ይመዝገብ፤ የአንድ ቀን ሳይሆን የሦስት ወር አዝማሚያ ይታይ፤ አንድ መሳቢያ በሁለት ሰው እጅ አይግባ።

ሕጉስ ምን ይላል? የኬንያ የ2007 የቅጥር ሕግ ለገንዘብ ጉድለት ከደመወዝ መቁረጥን የሚፈቅደው ሠራተኛው በውሉ ገንዘብ የመቀበልና የመያዝ ኃላፊነት ተሰጥቶት፣ ጉድለቱም በእርሱ ቸልተኝነት ወይም እምነት ማጉደል የደረሰ ሲሆን ነው። ዕቃ ጠፋ ተብሎ በአንድ ቅርንጫፍ ያሉ ሠራተኞች ሁሉ እኩል ይክፈሉ የሚለው አሠራር በዚህ ሕግ መሠረት የለውም። ጠቅላላው ተቀናሽም ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ማለፍ አይችልም። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከዚህ ጠበቅ ይላል፤ ተቀናሹ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ያዝዛል። አድማጮቻችን ይህችን ነጥብ በማስታወሻችሁ ያዙልን።

ቀጥለን ወደ ማበረታቻው እንለፍ።

ከማበረታቻ በፊት ግን መሠረቱ ደመወዝ ነው። ኬንያ በየሥራ መደቡ የተለያየ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ደንብ አላት። በ2022 ናይሮቢን በመሰሉ ትልልቅ ከተሞች የጉልበት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 15,201 ሺሊንግ ነበር፤ በኅዳር 2024 በ6 ከመቶ አድጎ 16,113 ሆነ። በዚሁ ደንብ ካሸር የሚመደበው ከከባድ መኪና ሾፌር ጋር በከፍተኛው እርከን ሲሆን ዝቅተኛ ደመወዙ የጉልበት ሠራተኛውን ከእጥፍ በላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ገንዘብ የሚይዝ ሰው ኃላፊነቱ ከባድ ነው። ሙሉ ቀን ገንዘብ የምትቀበል ሠራተኛ በወረቀት ላይ ግን «የሽያጭ ረዳት» ተብላ ብትመዘገብ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጣት የምስጋና የምስክር ወረቀት የተወሰደባትን አይተካም። ደመወዙ ሦስት ወር ለዘገየበት ሰውም የዓመት መጨረሻ ቦነስ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ማበረታቻው በምን ላይ ይታሰር? አሜሪካ ውስጥ ሲርስ የተባለው ግዙፍ የችርቻሮ ድርጅት የደረሰበት ሁሌም ይጠቀሳል። የመኪና ጥገና ክፍሉ ሠራተኞች በሸጡት የመለዋወጫና የአገልግሎት መጠን ኮሚሽን ይከፈላቸው፣ የሽያጭ ግብም ይጣልባቸው ነበር። በ1992 የካሊፎርኒያ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ድርጅቱን ደንበኞች የማያስፈልጋቸውን ጥገና እንዲከፍሉ አድርጓል ብለው ከሰሱት። የድርጅቱ ኃላፊም የግብና የክፍያ ሥርዓታቸው ለስሕተት በር መክፈቱን አመኑ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው፤ የወሩን ሽያጭ አዩ፣ የደንበኛውን አመኔታ አላዩም።

ይህ ማለት ኮሚሽን ክፉ ነው ማለት አይደለም። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በሚሸጥበት ክፍል ደንበኛው ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የሻጩ ዕውቀትና ትዕግሥት ሽያጩን ይወስናል። እዚያ የግል ኮሚሽን ያስኬዳል፤ ነገር ግን ተመላሽ የሆነው ዕቃ ከሒሳቡ ይቀነስ። ስኳርና ዱቄት በሚሸጥበት ክፍል ግን ሽያጩ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። መኪና ያራገፈው፣ የደረደረው፣ ያጸዳውና ገንዘብ የተቀበለው ሁሉ እጃቸው አለበት። እዚያ የሚሻለው የቡድን ማበረታቻ ነው። የብልሽትና የብክነት መጠን ሲቀንስ ከተረፈው ገንዘብ ለቅርንጫፉ ሠራተኞች ድርሻ ይሰጥ፤ ስሌቱም ሠራተኛው ራሱ ደምሮ ሊያረጋግጠው በሚችል መልኩ የእረፍት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሠራተኛው ሊያሰላው የማይችለው ቦነስ ሎተሪ ሆኖ ነው የሚታየው።

ከገንዘብ ውጭ ያለ ማበረታቻም አለ፤ ብዙ አለቆች አያስተውሉትም እንጂ። እርሱም የፈረቃ ድልድል ነው። ናይሮቢ ውስጥ ማምሻውን ሥራ የሚጨርስ ሠራተኛ ወደ ቤቱ የሚሄደው በማታቱ ነው፤ የታክሲ ሚኒባስ ማለት ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል፣ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ የምሽት ፈረቃ ከሠራተኛው ኪስ ገንዘብ ያስወጣል። ድልድሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከታወቀና በተራ ከዞረ፣ ለሌሊት ፈረቃም ትራንስፖርት ከተዘጋጀ፣ ሠራተኛው ተከብሬአለሁ ይላል። ለአለቃ የቀረበ ሁሌ የጠዋት ፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ግን እውነተኛው ሽልማት የሚሰጠው ለቅርበት መሆኑን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የአፈጻጸም ቅጹን ማን ያምነዋል?

ሌላው በናይሮቢ መደብሮች ጎልቶ የታየው ጥያቄ በአንድ መደርደሪያ ሁለት አሠሪ መኖሩ ነው። በብዙ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ሲደረድሩ የምናያቸው ወጣቶች አንዳንዶቹ የመደብሩ ሠራተኞች አይደሉም፤ ዕቃ አቅራቢው ድርጅት ቀጥሮ የላካቸው ናቸው። የኬንያ የንግድ ውድድር ባለሥልጣን የካርፉርን የኬንያ መደብሮች በሚያስተዳድረው ኩባንያ ላይ በወሰናቸው ውሳኔዎች ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፦ አቅራቢዎች በራሳቸው ወጪ ሠራተኛ እንዲመድቡ ማስገደድ። በ2023 ባለሥልጣኑ ከአንድ ቢሊዮን ሺሊንግ በላይ ቅጣት ጥሏል። ከዛሬው ርእሳችን አንጻር ጥያቄው ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ አንዱ የቦነስ ተካፋይ፣ ሌላው እንግዳ ከሆነ የቡድን መንፈስ ከየት ይመጣል? በቀን ሒሳብ ለወራት የሚሠራ ሰውም እንዲሁ ነው። የኬንያ ሕግ ሳያቋርጥ በድምሩ አንድ ወር የሠራ የቀን ሠራተኛ እንደ ወር ደመወዝተኛ እንዲቆጠር ያዝዛል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከምዘናውም ከማበረታቻውም እንዳይረሳ።

አሁን የመጨረሻውን ክፍል እንያዝ፤ ውጤቱ ዝቅተኛ የሆነ ሠራተኛ ሲገኝ ምን ይደረግ?

የኬንያ የቅጥር ሕግ አንቀጽ 41 አሠሪው በዝቅተኛ አፈጻጸም ሠራተኛን ከማሰናበቱ በፊት ምክንያቱን ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲነግረው፣ ሠራተኛውም የመረጠውን የሥራ ባልደረባ ወይም የማኅበር ተወካይ ይዞ እንዲሰማ ያዝዛል። ያለ በቂ ምክንያት የተሰናበተ ሰው እስከ 12 ወር ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊፈረድለት ይችላል። የኬንያ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት አንድ የአምቦሴሊ ሎጅ ሠራተኛ ባቀረበችው ክስ ላይ ጥሩ መርሕ አስቀምጧል፦ ሠራተኛ በደካማ አፈጻጸም ተሰናብቷል የሚል አሠሪ፣ ጥሩ የሚባለውንና ደካማ የሚባለውን የሚለይበት መለኪያ አስቀድሞ እንደነበረው ማስረዳት አለበት። እኛም አገር አዋጅ 1156 የሥራ ችሎታ መቀነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በሁለቱም አገር ሕጉ የሚለው አንድ ነው፤ ሳትለካ አትፍረድ፣ ሳትሰማም አታሰናብት።

መስማት የሚጠቅመው ለሠራተኛው ብቻ አይደለም። አንድ ውይይት እንስማ። አንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ተቆጣጣሪ ሠራተኛዋን ጠርቶ እንዲህ ይላል እንበል፦

«እህቴ፣ በዚህ ወር አራት ጊዜ የተለጠፈው ዋጋ ከካሸሩ ዋጋ ጋር አልገጠመም። ዝርዝሩ ይኸው፤ እይው። ምን አጋጠመሽ?»

«ጋሼ፣ የዋጋ ለውጡ ወረቀት የሚደርሰኝ ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ነው። ለጥፌ ሳልጨርስ ደንበኛው ይገባል።»

«ስንት ሰዓት ቢደርስሽ ትጨርሻለሽ?»

«ማታ ከመውጣቴ በፊት ቢሰጠኝ ጠዋት ሁሉም ተለጥፎ ይቆያል።»

ይህን ያህል ነው። ተቆጣጣሪው «ሰነፍ ነሽ» አላላትም፤ የተቆጠረ ነገር አሳያት፣ ጠየቃት፣ ሰማት። ስሕተቱ የመጣው ከዋና መሥሪያ ቤት መሆኑ ታወቀ። ማታ ወረቀቱ እየደረሳት ስሕተቱ ከቀጠለ ያን ጊዜ ጥያቄው የእርሷ ይሆናል፤ ያን ለማለትም አሁን ማስረጃ አለው። እንዲህ ያለው ንግግር በዓመት አንድ ጊዜ ቅጽ ከመሙላት ይልቅ በየወሩ አሥር ደቂቃ ቢደረግ ይሻላል። በየመሥሪያ ቤታችን የምናውቀው፣ ቀነ ገደቡ ሲደርስ ለሁሉም ተመሳሳይ ነጥብ እየሰጡ የሚሞላ ቅጽ፣ ጎበዙን ያስቀይማል፣ ደካማውንም አይረዳም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከመሰነባበታችን በፊት የተማርነውን ወደ ሥራ እንለውጠው።

የመደብር ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ የሆናችሁ፣ የምዘና ቅጻችሁን አውጡና በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህ በሠራተኛው እጅ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አይደለም ከሆነ መስመሩን ሰርዙት፤ ወይም ለሚመለከተው ክፍል አዛውሩት። ቦነስ ከማወጃችሁ በፊት ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን አክብሩ። ማበረታቻችሁ ሳታስቡት የትኛውን መጥፎ ሥራ ሊሸልም እንደሚችል ከሠራተኞቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከእናንተ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ሠራተኞች ደግሞ የሥራ መደባችሁ በውላችሁ ላይ በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። ዕቃ ሲያልቅ፣ ማሽን ሲበላሽ፣ የዋጋ ለውጥ ሲዘገይ በቃል ብቻ አትናገሩ፤ ቀኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አስታውቁ። ጉድለት ተብሎ ሲቆረጥባችሁ ስሌቱን ጠይቁ። ማኅበር ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ኬንያ ውስጥ የንግድ፣ የምግብና ተዛማጅ ሥራ ሠራተኞች ማኅበር ከሱፐርማርኬቶች ጋር በኅብረት ስምምነት የሚደራደረው ለዚሁ ነው።

ናኩማትንና ተስኪስን ያፈረሰው የሠራተኛ ስንፍና አልነበረም። ዕዳውን ያጠራቀመው የበላይ አመራሩ ነበር፤ ሥራውን ያጣው ግን በየመደርደሪያውና በየካሸሩ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ በትልቅ መደብር ውስጥ ምዘና መጀመር ያለበት ከላይ ነው፤ ደመወዝ በቀኑ ወጣ ወይ፣ ዕቃ አቅራቢው ተከፈለው ወይ፣ ዕቃው በሰዓቱ ደረሰ ወይ ተብሎ። እነዚህን ጥያቄዎች በደንብ የመለሰ አመራር ሠራተኛውን የመመዘን መብት አለው፤ ሠራተኛውም ያንን ምዘና ይቀበለዋል።